ጣቶቹ ላይ ስለቀረው ቆዳ፦ ለአንዲት የጌኮ አሳዳጊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ አካባቢ በኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ጎረቤቶቻችን የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊታቸውን ለ11 ዓመት ልጄ ሰጡት። ለ7 ወራት ደኅና ነበር። ኅዳር ከገባ ወዲህ ግን ቆዳውን ሲለውጥ ሙሉ በሙሉ አልወለቀለትም፤ በቀኝ የፊት እግሩ 3 ጣቶችና በጅራቱ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ቀርቷል፤ የግራ ዓይኑንም ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አይገልጥም። ምግብ ከተወ 5 ቀኑ ነው። አንዱ በወረንጦ ሳቢው ይለኛል፤ ሌላው ቅቤ ቅቢው ይለኛል። የምናኖረው አሸዋ በተነጠፈበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲሆን ከላዩ ባለ 60 ዋት ቀይ አምፖል ሌት ተቀን ይበራለታል። ምን ላድርግ? ጣቶቹ ይቆረጡ ይሆን? ለልጄስ ጤና አያሰጋም?»

ምላሽ፦

የተከበሩ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ወረንጦውንም ቅቤውንም ወደየቦታቸው ይመልሱልኝ። ምክሩን የለገሱዎት ሰዎች በቅንነት እንደነገሩዎት አልጠራጠርም፤ ሆኖም ወረንጦ ገና ያልጠናውን አዲሱን ቆዳ ከአሮጌው ጋር አብሮ ይገነጥላል፤ ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ደግሞ ከላይ ይለጠፍና ደረቁን ቆዳ ሊያለሰልሰው የሚችለውን ውሃ እንዳይገባ ይከለክላል፣ አሸዋውንም ጣቱ ላይ ያጣብቃል። የእርስዎ ጌኮ የሚያስፈልገው እርጥበት፣ ልክ የሆነ ሙቀትና ትዕግሥት ያለው እጅ ነው። ጣቶቹ እስካልጠቆሩ ድረስ የመትረፍ ተስፋቸው ጥሩ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው ቤትዎ ውስጥ የሚሠራ ነው። ዓይኑ ግን የተለየ ጉዳይ ስለሆነ በ2 ቀን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሳጥኑ እንዳለ ከቀጠለ፣ በሚቀጥለው የቆዳ ለውጥ ያው ችግር ተመልሶ እንደሚመጣ ከወዲሁ ልንገርዎት።

አሁኑኑ አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። ጌኮውን ሳይጨብጡ መዳፍዎ ላይ እንዲቆም አድርገው፣ በስልክዎ መብራት የቀኝ የፊት እግሩን ጣቶች ከላይም ከሥርም አንድ በአንድ ይዩ። ያልወለቀ ቆዳ በመጀመሪያ እንደ ስስ ነጭ ወረቀት ነው፤ ቀናት ሲያልፉ ግን እየደረቀና እየጠበበ ይሄድና ጣቱ ላይ ጠብቆ እንደታሰረ የክር ቀለበት ይሆናል። ብዙ ጊዜ አንዱ ቆዳ ሳይወልቅ ቀጣዩ ስለሚደረብበት፣ ቀለበቱ የ2 ወይም የ3 ጊዜ ቆዳ ተደራርቦበት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚያዩት ነጩን ቆዳ ብቻ አይሁን፤ ከቀለበቱ ወዲያ ወደ ጥፍሩ ያለው የጣቱ ክፍል ምን እንደሚመስል ይዩ። ቀለሙ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አንድ ከሆነ ደም እየተመላለሰ ነው፤ ጊዜ አለዎት። ቀልቶ ካበጠ ደሙ ለመመለስ እየተቸገረ ነውና ሥራው ዛሬ መጀመር አለበት። ሐምራዊ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን በቤት ውስጥ ምንም ሳይነኩት ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ። የጅራቱንም ጫፍ በዚሁ መንገድ ይመልከቱ፤ የጅራት ጫፍም እንደ ጣት ይታነቃል።

ጣቶቹ ካልጠቆሩ ዛሬ ማታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልጉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለጌኮው ብቻ ይሁን፣ ወደ ምግብ ዕቃዎችዎ እንዳይመለስ። ክዳኑን በጥቂት ቦታ ይብሱት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም ትንሽ ፎጣ በለብታ ውሃ ነክረው እስኪያንጠባጥብ ሳይሆን ጨመቅ አድርገው ያንጥፉበት። የውሃው ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም የእጃችን ቆዳ ራሱ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ 30 ዲግሪ የሆነ ውሃ ለእጅዎ ቀዝቀዝ ያለ ነው የሚመስለው። ለእጅዎ «ደስ የሚል ሙቅ» የሆነ ውሃ 60 ግራም እንኳ ለማይሞላ እንስሳ ከመጠን በላይ ነው። ስለዚህ የሕፃን ትኩሳት መለኪያ ዓይነት ዲጂታል ቴርሞሜትር ሳይሆን ዝቅተኛ ሙቀት የሚያነብብ የክፍል ወይም የምግብ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ። ጌኮውን እርጥብ ጨርቁ ላይ አድርገው ክዳኑን ይግጠሙና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በሞቃት ክፍል ያቆዩት። ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ዋናተኛ እንስሳ አይደለም፤ ፍርሃቱም ብርዱም ተደምረው ይጎዱታል።

ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ፣ ቢቻል እርስዎ፣ እግሩን በሁለት ጣትዎ ደግፈው የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በዚያው ለብታ ውሃ አርጥበው ከእግሩ መዳፍ ጀምሮ ወደ ጥፍሩ አቅጣጫ ያንከባልሉት። ይንከባለል እንጂ አይፈተግ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለው ቆዳ ሲያብጥና ግልጽነቱን አጥቶ እንደ ወተት ሲነጣ ያዩታል፤ ያ ውሃ የገባለት ምልክት ነው። ጥጡን ደጋግመው ሲያንከባልሉት ጠርዙ ይገለበጥና ልክ የጓንት ጣት ሲወልቅ እንደሚሆነው ሙሉው ተጠቅልሎ ከጥፍሩ ላይ ይወጣል። ካልወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያቁሙና ነገ ማታ ይድገሙት። ሲነኩት ደም ካዩ ወይም እግሩን በኃይል ከነጠቀ እዚያው ያቁሙ። 3 ማታ ሞክረው ያልወለቀ ቆዳ በሐኪም እጅ፣ በማጉያ መነጽር ሥር እንዲወልቅ ይተዉት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጅራቱን አይያዙ፤ ሌፐርድ ጌኮ ሲደነግጥ ጅራቱን ቆርጦ ይጥላል፤ ቢበቅልለትም እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ስንቁን የሚያስቀምጠውም እዚያ ውስጥ ነው።

ስለ ዓይኑ ጥንቃቄዎን አጠናክሬ እጠይቃለሁ። ሌፐርድ ጌኮን ከአብዛኞቹ ጌኮዎች የሚለየው የሚከፈትና የሚከደን የዓይን ቆብ ያለው መሆኑ ነው። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ያደገ ሰው ማታ ማታ አምፖል አጠገብ ግድግዳ ላይ የሚሮጡትን ትንንሽ ጌኮዎች ያውቃቸዋል፤ እነዚያ ቆብ የላቸውም፤ ዓይናቸውን የሚጠርጉት በምላሳቸው ነው። የእርስዎ ጌኮ ቆብ ስላለው ግን አሮጌው ቆዳ ከቆቡ ሥር ገብቶ ሊቀር ይችላል፤ የአሸዋ ቅንጣትም እንዲሁ። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ከመድኃኒት ቤት 0.9 በመቶ የሆነ ኖርማል ሳላይን የተባለውን የጨው ውሃ ገዝተው፣ በእጅዎ ሙቀት ካሞቁት በኋላ በቀን 2 ጊዜ የተዘጋው ዓይን ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ይጨምሩለት፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ። ቆቡን በኃይል አይግለጡ። በየቤቱ የማይጠፋውን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ወይም ለሰው የታዘዘ ሌላ የዓይን ጠብታ ሳይመረመር አያድርጉለት፤ በተለይ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ዓይኑ ቆስሎ ከሆነ ቁስሉን ያባብሰዋል። ሌላም የሚያስቸኩል ምክንያት አለ፤ የተሳቢ እንስሳት መግል እንደ ሰው መግል አይፈስስም፤ እንደ አይብ ይጠጥራል። ከቆቡ ሥር አንዴ ከጠጠረ በጠብታ አይታጠብም፤ በሐኪም እጅ መውጣት አለበት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእንስሳት ሐኪምነት ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ሌፐርድ ጌኮ ዓይኑ ላይ ቆዳ ቀርቶበት አምጥተውልኝ ነበር። ቆዳው በግማሽ ተነሥቶ ስለታየኝ በቀጭን መቆንጠጫ ይዤ ሳብኩት፤ አብሮ የመጣው ግን የቆቡ አዲስ ቆዳ ነበር። ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ፈጀ፤ የቆቡ ጠርዝም ሲድን ተኮማትሮ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ቆዳ በለወጠ ቁጥር በዚያ ዓይኑ ላይ ይቀርበት ነበር። ባለቤቶቹ አልወቀሱኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ አቆይቼው ቢሆን በራሱ ይወልቅ ነበር።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። ጌኮ ቆዳ ሲለውጥ መጀመሪያ ከአሮጌው ሥር ሙሉ አዲስ ቆዳ ይሠራል፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ስስ ፈሳሽ ይገባና ከፈሳሹ ጋር ያሉት ኢንዛይሞች ሁለቱን የሚያያይዘውን ያላቅቃሉ። መልኩ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ደብዝዞ አመድማ የሚሆነው ያኔ ነው። ሁሉም ነገር ከተስተካከለለት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አፍንጫውን ሻካራ ነገር ላይ አሽቶ ይቀድደዋል፣ እንደ ልብስ አውልቆ ይበላዋል። ስለዚህም ብዙ አሳዳጊዎች የወለቀውን ቆዳ ዓይተውት አያውቁም። ያደገ ጌኮ ይህን በየ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ታዳጊው ደግሞ በየ1 ወይም 2 ሳምንት ያደርገዋል። ከሂደቱ ሁለት ነገር ሊጎድል ይችላል፦ ፈሳሹ ሥራውን ሳይጨርስ ከደረቀ አሮጌው ቆዳ መልሶ ይጣበቃል፤ ገላው ከቀዘቀዘ ደግሞ ኢንዛይሞቹ ይዘገያሉ። ጣትና የጅራት ጫፍ ከሁሉ ቀጭን ስለሆኑ ቀድመው የሚደርቁትም የሚቀዘቅዙትም እነሱ ናቸው። በእርስዎ ሳጥን ውስጥ በኅዳር ሁለቱም ጉድለቶች በአንድነት ተገናኝተዋል ብዬ አምናለሁ።

«የበረሃ እንስሳ ነውና ይድረቅለት» የሚለው አባባል ብዙ ጌኮ ጎድቷል። ሌፐርድ ጌኮ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ አገር ፍጥረት ነው፤ እውነት ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው ግን ከአሸዋው ላይ ሳይሆን በድንጋይ ሥርና በጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው አየር ከላይ ካለው ይልቅ እርጥበት አለው። እኛ የበረሃውን ገጽ ብቻ ገልብጠን ጉድጓዱን ስለምንረሳው ችግሩ ይጀምራል።

ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በክረምቱ ዝናብ ወራት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሳጥን ጉድለቱ አይታወቅበትም፤ ለዚህም ነው ያለፉት ወራት በሰላም ያለፉት። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ይበዛል። አሁን ሒሳቡን ይዩት፦ 10 ዲግሪ የሆነና 80 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው (ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን 80 በመቶውን የያዘ) አየር ከውጭ ገብቶ ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 30 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 23 በመቶ ይወርዳል። ማለትም አምፖሉ ሳጥኑን ባሞቀ መጠን አየሩን ያደርቀዋል። መብራት ሄዶ አምፖሉ በጠፋበት ሌሊት ደግሞ ሳጥኑ ወዲያው ይቀዘቅዛል። አምፖሉ ሲበራ ይደርቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ ቆዳውም በዚህ መካከል ይቀራል።

መፍትሔው ሳጥኑን በሙሉ ማርጠብ አይደለም፤ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ወለል የቆዳ ቁስልና የሳንባ ሕመም ያመጣል። የሳጥኑ ጠቅላላ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ሆኖ፣ በውስጡ ግን ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ አንድ እርጥብ መደበቂያ ሊኖር ይገባል። ይህን ለመሥራት የውጭ አገር ዕቃ መፈለግ የለብዎትም። እኔ የምመርጠው የእኛኑ ሸክላ ነው። ያልተቀባ ትንሽ የሸክላ ድስት፣ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ አፉን ወደ ጎን አጋድመው ያስቀምጡና ውስጡን በውሃ በራሰ፣ ሽታ በሌለው ሶፍት ይሙሉት። ሸክላ ውሃ ጠጥቶ ቀስ እያለ ስለሚተፋው ከፕላስቲክ ይልቅ እርጥበቱን እኩል አድርጎ ያቆየዋል። የገሉ ሻካራ ጠርዝም ሌላ ጥቅም አለው፤ ጌኮው ቆዳውን መጀመሪያ የሚቀድደው አፍንጫውን እንዲህ ባለ ነገር ላይ አሽቶ ነው። ጠርዙ ስለታም ከሆነ ግን አስቀድመው ድንጋይ ላይ ያደብዝዙት። ድስቱ የሚቀመጠው በሳጥኑ ሞቃት ጎንና በቀዝቃዛው ጎን መካከል፣ ወደ ሞቃቱ ጠጋ ብሎ ነው፤ ቀዝቃዛ እርጥበት ለጌኮ አይበጅም። ሶፍቱ በየ2 ቀኑ ይለወጥ፤ የሻገተ ሽታ ከሸተተዎት ደግሞ ድስቱን በፈላ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ዋጋው ትንሽ የሆነ ዲጂታል የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ሳጥኑ ውስጥ ቢኖርዎት መገመቱ ይቀራል።

አሸዋውን ዛሬውኑ ያውጡት። እርጥብ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ምግብ ሲለቅም አብሮ ይውጠዋል። በምትኩ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም ሻካራ የወለል ሴራሚክ ያንጥፉ፤ ሴራሚኩ ሙቀትም ይይዛል።

ቀዩ አምፖልም ይቀየር። ጌኮ ማታ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ነውና ሌት ተቀን የሚበራ ብርሃን፣ ቀይም ቢሆን፣ ቀንና ሌሊቱን ያምታታበታል። ቀን የሚበራ መብራት ለየብቻ ሆኖ፣ ሙቀቱ ብርሃን ከሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ወይም ከሳጥኑ ሥር አንድ ሦስተኛውን ከሚይዝ የሙቀት ምንጣፍ ቢመጣ ይመረጣል። የሞቃቱ ጎን ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን፤ ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች አይውረድ። ማንኛውንም ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት (ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ) አይሰኩ፤ ሆዱ የተቃጠለ ጌኮ ማየት ከባድ ነው፣ የተቃጠለው ቦታም ከዳነ በኋላ ቆዳውን በደንብ አይለውጥም። ቴርሞስታት ካጡ ለጫጩት መፈልፈያ ሳጥን የሚያገለግለው ዲጂታል የሙቀት መቆጣጠሪያ ሥራውን ይሠራል፤ የሚገጥምልዎት ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። ሳጥኑን ደግሞ ከውጭ መስኮት ያርቁት። ፀሐይ ላይ እንዳያወጡትም አደራ፤ የመስታወት ሳጥን በእኛ የቀትር ፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው በፎጣ ይጠቅልሉና ከሳጥኑ ውጭ ከመስታወቱ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡ፤ የአየር ማስገቢያውን ክፍት ትተው ሳጥኑን በጋቢ ይሸፍኑት። የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ እንዳያስገቡ እለምንዎታለሁ፤ ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ለጌኮውም ለቤተሰብዎም ገዳይ ነው።

ምግብን በሚመለከት 5 ቀን አለመብላቱ ብቻውን አያስደንግጥዎት። ቆዳ በሚለውጥበት ሰሞን ብዙዎቹ ምግብ ይተዋሉ፤ ጅራቱ ወፍራም የሆነ ጤነኛ ጌኮ ከዚህም በላይ ይታገሣል። በግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን አግኝተው ዛሬ ይመዝኑት፤ በየሳምንቱም ይመዝኑትና ከዛሬው ክብደት 10 በመቶ ከቀነሰ ያሳውቁኝ። ይሁንና ምን እንደሚበላ አልነገሩኝም። ብዙ ጊዜ የማየው በፉርሽካ ያደጉ የዱቄት ትሎችን ብቻ መመገብ ነው፤ ይህ የቫይታሚን ኤ እጥረት ያመጣል፤ የእጥረቱ ምልክት ደግሞ የዓይን ቆብ ማበጥና የቆዳ አለመውለቅ ነው፤ ልክ አሁን እርስዎ የገለጹልኝ። ስለዚህ ለሐኪሙ ምግቡን በዝርዝር ይንገሩት። ትሎቹንና ፌንጣዎቹን ለጌኮው ከመስጠትዎ አንድ ቀን በፊት ካሮትና ጎመን ያብሏቸው፤ ለተሳቢ እንስሳት የተዘጋጀ የካልሲየምና የቫይታሚን ዱቄትም ይነስንሱባቸው። የሰው ቫይታሚን ኤ እንክብል በግምት አይስጡት፤ መጠኑ ሲበዛ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ከቤት የተያዘ በረሮም አይብላ፤ የትኛው ፎቅ ላይ መድኃኒት ተነፍቶበት እንደመጣ አይታወቅም።

ልጅዎን በተመለከተ ጌኮው መርዝ የለውም፤ ቢነክስም የሚያሰጋ ቁስል አያደርስም። እውነተኛው ስጋት ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ጤነኛ የሚመስል ጌኮ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሊያወጣው ይችላል። ልጅዎ ጌኮውን ወይም ዕቃውን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ ይታጠብ፤ አፉ ወይም ፊቱ ላይ አያስጠጋው። የጌኮው ዕቃዎች የወጥ ቤት መታጠቢያ ውስጥ አይታጠቡ። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅም የደከማቸው አረጋዊ ካሉ እነሱ ከናካቴው ባይነኩት ይሻላል። ከዚህ ውጭ ልጅዎን አያርቁት። በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚኖር እንስሳ ነው፤ የ11 ዓመት ልጅ መለኪያውን እያነበበ፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ቆዳ የለወጠበትን ቀን ደብተር ላይ ቢጽፍ ለእኔም ለማንኛውም ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።

ጣቶቹ ይቆረጡ ይሆን ላሉት፣ ደም ተቋርጦበት የጠቆረ ጣት ተመልሶ አይድንም፤ አንዳንዱ ደርቆ በራሱ ይወድቃል፣ አንዳንዱን ሐኪም በማደንዘዣ ያነሣዋል። ቢሆንም ሌፐርድ ጌኮ እንደ ግድግዳ ጌኮ የሚጣበቅ የጣት መዳፍ የለውም፤ መሬት ላይ የሚሄድ እንስሳ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ጣት ቢያጣ አካሄዱ እምብዛም አይለወጥም። ያሳዝናል እንጂ ሕይወቱን አያሳጣውም።

ሳጥኑ ከተስተካከለ በኋላ በተከታታይ 2 ጊዜ ቆዳው ካልወለቀ ግን ምክንያቱ ከአየሩ አልፏል። በዓይኑ ዙሪያና በብብቱ ቀይ ወይም ጥቁር ነጥብ የሚመስሉ ተባዮች መኖራቸውን ይዩ፤ ጅራቱ እየከሳ ከሄደ ወይም ዓይነ ምድሩ ከቀጠነ ክሪፕቶስፖሪዲየምን የመሰለ የአንጀት ጥገኛ ሊኖር ስለሚችል የዓይነ ምድር ምርመራ ያስፈልገዋል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሐኪምዎ ሊያማክራቸው ከሚችሉት አንዱ ነው።

ለምርመራ ሲያመጡት በዚያው ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ፣ ደረቅ ጨርቅ አንጥፈውለት፣ ሙቅ ውሃ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ከጎኑ አድርገው ይምጡ፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሚገባው ብርድ ለእሱ ቀላል አይደለም። ከ24 ሰዓት ያልበለጠው ዓይነ ምድሩ በንጹሕ ብልቃጥ ይሁን። ሳይበላው የቀረ የቆዳ ቁራጭ ሳጥኑ ውስጥ ካገኙም አይጣሉት፤ በወረቀት ጠቅልለው ይዘውልኝ ይምጡ፤ ውሃ ውስጥ ሲዘረጋ የየጣቱ ሽፋን ለየብቻው ስለሚታይ፣ ከየትኛው ጣት ላይ እንደቀረ አብረን ከዚያ ላይ እንቆጥራለን።